ሳትለኪ አትቀይሪ

አዳማ

ለምወድሽ ልጄ፣

የእናትሽ ጉልበት ትንሽ ተሽሎታል። ትናንት ማታ ስልኩን ስትዘጊው ዝም ብላ ቆየችና «ልጅቷ ደክሟታል» አለች። እኔም ድምፅሽን ሰምቻለሁ። ለዚህ ነው የምጽፍልሽ። በስልክ ስነግርሽ «እሺ አባዬ፣ እሺ አባዬ» ትያለሽ። ጥሩምባው ይጮኻል፣ ተሳፋሪው ይጣራል፣ ነገሩ መሃል ላይ ይቀራል። ደብዳቤ ግን እስክትረጋጊ ይጠብቅሻል። አንብበሽ ስትጨርሺ ከሊብሬው ጋር አስቀምጪው።

የነገርሽኝን ልድገመው። ጠዋት ባቱ ላይ ስታስነሺ ሞተሪኖው ደህና ያዞራል፣ ሞተሩ ግን አይነሳም። መልሰሽ ስትሞክሪ ወዲያው ይነሳል። ቀን ደግሞ መቂ ላይ ቡና ልትጠጪ አቁመሽ ስትመለሺ እምቢ ይልሻል፤ ትንሽ ቆይቶ ይነሳል። አንዱ መካኒክ ፓምፕ ይቀየር አለሽ። ሌላው ኢንጀክተር ይታጠብ አለ። ሦስተኛው ኮምፒዩተሩ ነው አለ። አንቺም ዕቁብሽ ሲወጣ ፓምፕ ልትገዢ አስበሻል።

ሆዴ፣ እባክሽ ገና አትግዢ። ሦስቱም ክፉ ሰዎች አይደሉም። ግን አንዳቸውም አልለኩም። ሳይለኩ የሚናገሩት ግምት ነው፤ የግምቱን ዋጋ የምትከፍዪው ደግሞ አንቺ ነሽ። ያ ብር እንዴት እንደተጠራቀመ እኔ አውቃለሁ። መኪናዋም እንዴት እንደመጣች አውቃለሁ። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል። እንደ ቀድሞው «ይቺን ሸጬ ሌላ እገዛለሁ» ማለት ቀላል አይደለም። ቶዮታ ቪትዝሽ ብዙ ዓመት ልታገለግልሽ ይገባል። ስለዚህ እንደ ታማሚ በወግ በወጉ እንመርምራት።

ከሁሉ በፊት ግን ስለ አንቺ ልናገር። መኪና ይተካል፤ አንቺ አትተኪም።

በዚያን ዓርብ ከሰዓት በኋላ ቤንዚን የጎዳውን ሰው አትርሺው። ስሙን አልጠራም፣ ታውቂዋለሽ። ጎበዝ ነበር፤ የቸኮለው አንዲት ደቂቃ ነው። ቤንዚን ከነኩት በኋላ ይቅርታ አያውቅም። በዚህ መኪና ቱቦ ውስጥ ያለው ነዳጅ ሞተሩ ጠፍቶም ተጨንቆ ይቀመጣል። ቱቦውን ዝም ብሎ የፈታ ሰው ፊቱ ላይ ይረጭበታል። ስለዚህ የነዳጅ ቱቦ ከመፈታቱ በፊት ሞተሩ ይቀዝቅዝ። የፓምፑ ፊውዝ ይነቀል፤ ሞተሩ ተነስቶ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። ከዚያ አንዴ ሞተሪኖ ይመታ። ቀጥሎ የባትሪው ኔጋቲቭ ይፈታ። ቱቦው ሲፈታ ጨርቅ ይጠምጠምበት። እሳት ማጥፊያ አጠገብሽ ይሁን። ሲጋራ የያዘ፣ ስልክ እያወራ የሚንጎራደድ ሰው ከአካባቢው ይራቅ። ዝግ ጋራዥ ውስጥ አይሠራ፤ ውጭ፣ ነፋስ ባለበት ይሁን።

አንድ ሌላ ነገር አደራ። በጎማ ቱቦ ነዳጅ በአፍሽ አትሳቢ። «ሁልጊዜ የምናደርገው ነው» የሚሉሽን አትስሚ። ወደ ሳንባ የገባ ቤንዚን ሰው ይገድላል። የአጎትሽ ልጅ ዲፎርዲም ቢበላሽ እጅሽን አታስገቢ። የእሱ ናፍጣ በኢንጀክተሩ ቧንቧ ውስጥ ከ1,000 ባር በላይ ተጨንቆ ነው ያለው። በቀጭን ቀዳዳ ሲወጣ ቆዳ ይበሳል። የሚያፈስበትን ቦታ በእጁ የሚፈልግ ሰው እጁን ሊያጣ ይችላል።

ይህን ከሰማሽኝ ወደ ሥራው እንሂድ።

መጀመሪያ ሞተሪኖውን ስሚው። ሞተሩ እየጎተተ፣ እየከበደው ከዞረ ነገሩ ባትሪ ወይም ገመድ ነው፤ ነዳጁን ተዪው። ፈጥኖ እየዞረ ካልተነሳ ብቻ ወደ ፊት ሂጂ። በአንድ ጊዜ ከ10 ሰከንድ በላይ አታዙሪው። ግማሽ ደቂቃ አሳርፊው። ስንቱ ሰው ነዳጅ ሲፈልግ ሞተሪኖ አቃጥሏል።

ቀጥሎ የካንዴላውን እሳት አረጋግጪ። እሳት ከሌለ የነዳጅ ግፊት መለካት ድካም ነው። ካንዴላዎቹ ሲወጡ ደረቅ ናቸው ወይስ ቤንዚን የነካቸው? ይህን ጻፊው፤ በኋላ ይጠቅመናል።

ከዚያ ጆሮሽን ለፓምፑ ስጪ። ግን እዚህ ላይ ተጠንቀቂ። ቁልፉን ኳድሮ ላይ አድርገው «ፓምፑ ድምፅ የለውም፣ ሞቷል» የሚሉሽ ይኖራሉ። ብዙ ቶዮታዎች ላይ ፓምፑ የሚሠራው ሞተሩ መዞር ሲጀምር ነው። ኳድሮ ላይ ዝም ማለቱ ሞቱን አያሳይም። አንድ ሰው ሞተሪኖ ሲመታ አንቺ የኋላው ወንበር ላይ ጆሮሽን አስጠግተሽ ስሚ። ፓምፑ ከወንበሩ ሥር፣ ሰልባትዮው ውስጥ ነው።

አሁን ወደ ግፊቱ። መለኪያዬን በባቱ ሚኒባስ ልኬልሻለሁ፤ ሹፌሩ ከመናኸሪያ ይደውልልሻል። በአሮጌ ፎጣ ጠቅልዬዋለሁ። መዝጊያ ያለው ነው፣ መዝጊያውን እንዳትጥዪው። ያንቺ መኪና ላይ መለኪያ የሚሰካበት የተዘጋጀ ቫልቭ የለም። ቱቦው ኢንጀክተሮቹ ከተሰኩበት ቧንቧ ጋር ከሚገናኝበት ተፈትቶ መለኪያው መሃል ይገባል። ብቻሽን አታድርጊው። እጁ የታመነ መካኒክ ይግጠመው፤ ቁጥሩን ግን አንቺ አንብቢ። አንቺ ጻፊው።

በአሮጌዎቹ ዲኤክሶች ጊዜ ይህ ሁሉ አልነበረም። ፓምፑ ሞተሩ ላይ ተለጥፎ ካርቦራተሩን በ0.2 ወይም 0.3 ባር ያጠጣ ነበር። በሙቀት ሲቆም እርጥብ ጨርቅ ጣል ታደርጊበትና ትሄጃለሽ። ዛሬም መንገድ ላይ ያንን ብልሃት የሚመክሩሽ አሉ። ያንቺ ፓምፕ ሰልባትዮ ውስጥ ስለሆነ ጨርቁ አይደርስበትም። በጋለ ሞተር ላይም ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስሺ፤ ብረት ይሰነጠቃል። የአንቺ መኪና ግፊት ሞተሩ ሲሠራ ከ3.0 እስከ 3.4 ባር አካባቢ መሆን አለበት። መለኪያው በፒኤስአይ ከሆነ ከ44 እስከ 50 ነው። ሞተሩን ስታጠፊ ደግሞ መርፌው ትንሽ ወርዶ መቆም አለበት። ከ5 ደቂቃ በኋላ 1.5 ባር ወይም ከዚያ በላይ ይዞ ካገኘሽው ጤነኛ ነው።

ይህ የሁለተኛው ቁጥር ነገር የብዙ ሰው ዓይን ያልፈዋል። ያንቺን ሕመም ግን የሚፈታው እሱ ይመስለኛል። ለምን መሰለሽ? ሌሊቱን ግፊቱ ሾልኮ ካለቀ፣ ጠዋት የመጀመሪያው ሙከራሽ ቱቦውን በመሙላት ያልቃል። ሁለተኛው ላይ ቱቦው ሞልቷል፤ ወዲያው ይነሳል። አንቺ የነገርሽኝ ልክ ይህን ነው።

የመቂውም ከዚሁ ይመጣል። ሞተር ሲጠፋ ወዲያው የሚቀዘቅዝ ይመስላል። አይደለም። ማራገቢያውም ውሃውም ስለሚቆሙ ከኮፈኑ ሥር ያለው ሙቀት ለጥቂት ጊዜ ይብሳል። ቤንዚን ውስጥ ያለው ቀላሉ ክፍል ደግሞ ወደ 35 ዲግሪ አካባቢ መፍላት ይጀምራል። እኛ የምንኖረው ከፍ ያለ አገር ላይ ነው። አዳማም ባቱም ከባሕር ወለል ከ1,600 ሜትር በላይ ናቸው፤ ውሃ እንኳ እዚህ ወደ 95 ዲግሪ ሲደርስ ይፈላል። ቤንዚኑን በዚህ ሙቀት እንዳይፈላ የሚይዘው ግፊቱ ነው። ግፊቱ ከሸሸ ቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይሞላል፤ ኢንጀክተሩ ነዳጅ ሲጠብቅ እንፋሎት ይደርሰዋል። ጠዋት በብርድ፣ ቀን በሙቀት፤ ሁለት በሽታ መስሎሽ ተጨንቀሻል። አንድ ሊሆን ይችላል። አይዞሽ።

ግን «ይመስለኛል» አልኩሽ እንጂ «ነው» አላልኩም። እኔም ብሆን ሳትለኪ አትመኚኝ።

ለክተሽ የምታገኚውን እንዲህ አንብቢው።

ሞተሪኖ ስትመቺ ግፊቱ ጨርሶ ካልመጣ ወይም ዝቅ ካለ፣ ፓምፑን ከመፍረድሽ በፊት ፊውዙንና ሪሌዩን እዪ። ከዚያ ፓምፑ ሶኬት ላይ ስንት ቮልት እንደሚደርስ ይለካ፤ ፓምፑ እየሠራ ሳለ እንጂ ተነቅሎ አይደለም። ባትሪው 12 ሰጥቶ ፓምፑ ጋ 9 ከደረሰ ጥፋቱ የገመድ ወይም የዛገ ማሰሪያ ነው። አዲስ ፓምፕ ብትገጥሚበትም ያው ነው፤ ተርቦ ይሠራና ይሞታል። ቮልቱ ደህና ከሆነ ፊልትሮውና ሬጉሌተሩ ይታዩ። እነሱም ደህና ከሆኑ ብቻ ፓምፑ ጥፋተኛ ነው።

ሞተሩ ሲሠራ ግፊቱ ደህና ሆኖ ስታጠፊው ቶሎ ዜሮ ከገባ፣ አንድ ቦታ ይሾልካል። እዚህ ላይ የመለኪያው መዝጊያ ይጠቅምሻል። ግፊቱን ሞልተሽ ሞተሩን አጥፊና ከሰልባትዮ የሚመጣውን በኩል ዝጊው። ከዘጋሽው በኋላም መርፌው ከወረደ የሚያንጠባጥበው ኢንጀክተር ነው። ያኔ ካንዴላው ይረጥባል፤ ሲነሳም ጥቁር ጭስ ይኖረዋል፤ ቤንዚን ይሸትሻል። ዘግተሽው መርፌው ከቆመ ግን መሾለኩ ሰልባትዮው ውስጥ ነው።

ሰልባትዮው ውስጥ ከሆነም ወዲያው ወደ መርካቶ አትደውዪ። እዚያ ውስጥ ሦስት ተጠርጣሪዎች አሉ። አንዱ ፓምፑ ውስጥ ያለው፣ ነዳጁ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚይዘው ትንሹ ቫልቭ ነው። ሁለተኛው ግፊቱን የሚመጥነው ሬጉሌተር ነው። ሦስተኛው በመገጣጠሚያው ላይ ያለችው ኦሪንግ ናት። ጎማዋ ደርቃ ወይም ተቆርጣ ሊሆን ይችላል። የእሷ ዋጋ ከፓምፑ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ፓምፑ ወጥቶ ይታይ። ሬጉሌተሩና ኦሪንጓ ደህና ሆነው ቫልቩ አልይዝ ካለ፣ ያኔ ፓምፑን ግዢ። እኔም ከጎንሽ አለሁ፣ እናግዝሻለን። ምናልባት መጀመሪያ የነገረሽ መካኒክ ትክክል ሆኖ ይገኝ ይሆናል። ይሁን! ያኔ አውቀሽ ትገዢያለሽ።

ግፊቱ ከሚገባው በላይ ከወጣ ደግሞ ሬጉሌተሩ ነው የሚጠረጠረው። መኪናዋ ነዳጅ ትበላለች፣ ጭሷ ይጠቁራል።

ግፊቱ ደህና፣ ከ5 ደቂቃ በኋላም ደህና ከሆነ ፓምፑን በሰላም ተዪው። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። ለምሳሌ የሞተሩን ሙቀት የሚናገረው ሴንሰር ቀዝቃዛውን ሞተር ሞቃት ነው ካለ፣ ኮምፒዩተሩ ነዳጅ ይሰስታል፤ ጠዋት አስቸጋሪ ይሆናል። ኮምፒዩተሩ ሲነበብ ፒ0171 የሚል ኮድ ከወጣም አትደንግጪ። ትርጉሙ ሞተሩ ከአየሩ አንጻር ነዳጅ አንሶታል ነው። የግፊት ማነስ አንዱ ምክንያት ነው፤ የተሰነጠቀ የአየር ቱቦም ያንኑ ኮድ ያወጣል። ኮዱ መንደሩን ይነግርሻል እንጂ ቤቱን አያሳይሽም።

ልጄ፣ ስለ ነዳጁም ስሚኝ። ቦቴዎቹ ከጅቡቲ ሲመጡ በዚሁ በአዳማ ሲያልፉ እያየን፣ ማደያው ጋ ሰልፍ ስንውል ያማል። ሰልፉ እንደሚያደክምሽ አውቃለሁ። ቢሆንም የነዳጅ ማስጠንቀቂያው መብራት እስኪበራ አትጠብቂ። ፓምፑ የሚቀዘቅዘው ተነክሮበት ባለው ቤንዚን ነው። ነዳጁ ሲያልቅ በራሱ ሙቀት ይቃጠላል፤ የታችኛውን ዝቃጭም ይስባል። ሩብ ሲቀር ወደ ማደያ ሂጂ። ቴሌብርሽን ሙዪ፤ ሰልፍ አጭር ባየሽበት ሁሉ ግቢ።

መንገድ ዳር በጄሪካን የሚሸጠውን ተዪው። ላምባ ይቀላቀልበታል፣ ውሃ ይገባበታል፣ አቧራ አለው። ላምባ የገባበት ቤንዚን ቶሎ ስለማይተን ጠዋት ሞተር ለማስነሳት ያስቸግራል፤ ግፊቱ ግን ልክ ሆኖ ይታይሻል። ከጠረጠርሽ ነጭ ወረቀት ላይ አንድ ጠብታ ጣዪና ይድረቅ። ንጹሕ ቤንዚን ተንኖ ይጠፋል፤ ላምባ ያለበት የቅባት ክብ ትቶ ይቀራል። ችግር ጠንቶብሽ ጄሪካን ብትይዢ እንኳ ተሳፋሪ ካለበት መኪና ውስጥ አታስቀምጪ። ቤት ውስጥም አታሳድሪው። ልጆቹ አሉ።

እስኪሠራ ድረስ እንዲህ አድርጊ። ጠዋት ሁለት ሦስት ሰከንድ አዙሪ፣ አቁሚ፣ መልሰሽ አዙሪ። መቂ ላይ ጥላ ፈልጊ፤ ኮፈኑን ከፍተሽ ቡናሽን ጠጪ። እስኪለካ ድረስ ረጅም ኮንትራት አትያዢ። በተለይ ከቡልቡላ ወደ አርሲ ነጌሌ ሲመሽ አትውጪ። በምሥራቁም ቢሆን ወለንጪቲን አልፈሽ ወደ መተሐራ አትሂጂ፤ ያ ቆላ ለጤነኛ መኪናም ይከብዳል። መንገድ ላይ ከቆመችብሽ መብራትና ሰው በሌለበት ቦታ ለማንም ኮፈን አትክፈቺ። ለእኔ ደውዪ። እኩለ ሌሊትም ቢሆን ደውዪ። «አባዬ ተኝቷል» አትበዪ። አንቺ ሳትገቢ የምተኛ መስሎሽ ነው?

ጋራዥ ስትገቢም አንገትሽን ቀና አድርጊ። ሴት ስለሆንሽ ገና ሳትናገሪ «ይህ ያንቺ ጉዳይ አይደለም» የሚል ፊት ያሳዩሽ ይሆናል። አትጣዪ፣ ድምፅሽን አታንሺ። «ስንት አገኛችሁ? ቁጥሩን አሳዩኝ» በያቸው። ባለሙያ የሆነው ደስ ብሎት ያሳይሻል። የማያሳይሽን አመስግነሽ ውጪ። የወጣውን አሮጌ ዕቃ በእጅሽ ተቀበዪ፤ ደረሰኝ ያዢ።

ይህን ሥራ እንደማትችዪ የሚነግርሽ ሰው ካለ አትመኚው። ገና እግርሽ ፔዳል ሳይደርስ ብሎኖቹን በመጠን በመጠን ትደረድሪ ነበር። ማንም አላስተማረሽም። ያ ትዕግሥት አሁንም አንቺ ጋ አለ፤ ድካም ሸፍኖት ነው። ይህ ሥራ ከትዕግሥት ሌላ ብዙ አይጠይቅም። አንዱን ነገር አጣርተሽ ወደ ቀጣዩ መሄድ፣ የታየውንና የተገመተውን ለይቶ መጻፍ ነው።

እንግዲህ ሦስት ቁጥሮች እፈልጋለሁ። ሞተሩ ሲሠራ ያለው ግፊት። ከጠፋ ከ5 ደቂቃ በኋላ ያለው ግፊት። ፓምፑ ሶኬት ላይ የሚደርሰው ቮልት። ካንዴላዎቹ ደረቅ ወይም እርጥብ መሆናቸውንም ጨምሪ። በመልእክት ላኪልኝ። ሰኞ ይሁን ረቡዕ ግድ የለም፤ አትቸኩዪ። ቁጥሮቹ እጄ ሲገቡ ቁጭ ብለን በስልክ እንነጋገራለን። ምን እንደሚገዛና ምን እንደማይገዛ ያኔ አብረን እንወስናለን። ዕቁቡም እስከዚያ አይነካ።

ምግብሽን በሰዓቱ ብዪ። ፈጣሪ መንገድሽን ያቅናልሽ፤ ከክፉ ይጠብቅሽ።

የሚወድሽ አባትሽ